ከሁለቱ ጀልባ ምረጪ አሉኝ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት 3 ሰዓት

የዩኒፎርም ኮሌታ፣ አሥራ አራተኛው። ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። ሦስተኛ ሲበጠስ ጥፋቱ የክሩ እንዳልሆነ ገባኝ። እግሬ ነው ፔዳሉን የሚደበድበው።

አስ. ስልኩን ኮሌታው ላይ አስቀመጠው። (ባሌ ነው፣ አስፋው። ዛሬ ስሙን በሙሉ ለመጻፍ እጄ እምቢ ብሏል።) ሁለት ፎቶ። አንዷ ነጭ ጀልባ፣ አንዷ አረንጓዴ። ሁለቱም ባለሞተር። ዋጋቸው ያው፣ ልካቸው ያው፣ አንቺ ምረጪ አለኝ። ስልኩን አንስቼ ጨርቄን አቃናሁ። ቁርሱን በልቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ መኪና ሄደ። ሹፌር ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው አለቃ ሲያመላልስ ይውላል፣ ቤት ሲገባ መሪ የሌለው ነገር አይታየውም።

ደብተሬ፣ አንተን የገዛሁህ በጥር ነው፣ የቀደመውን አታውቅም። አንዴ ልጻፈውና ሁለተኛ አትጠይቀኝ። የአስ. አባት ደብረ ዘይት ሐይቁ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ትተው ነው የሞቱት። በዓል በመጣ ቁጥር ቤተሰቡ እዚያ ይሰበሰባል። አምና በዳግማይ ትንሣኤ ልጄ ናትናኤል እዚያ ሐይቅ ውስጥ ቀረ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ነፋስ የወሰደውን ኳስ ሊያመጣ ዋኝቶ ገባ። ልቡ በድንገት ቆመ። ሳያውቀው፣ ሳይሰቃይ። እንደዚህ ነው የነገሩኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን የረገጠ የለም። አሁን አስ.ና ወንድሙ አንድ ቃል ይዘዋል። ፈጣን ጀልባ ቢኖረን ኖሮ ይደረስበት ነበር። ስለዚህ ጀልባ ይገዛል። ለሙት ዓመቱ ይደርሳል። ልጆቹ ውሃ እየፈሩ አያድጉም።

ልጆቹ ይላሉ። የኔ ልጆች አሁን አንድ ናቸው። ሊያ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ። ጀልባዋ ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። እነሱ መዝናኛ ነው የሚገዙት። እኔ የምመርጠው የቀረችኝን የማስቀምጥበትን ነው። ይህን አንዳቸውም አላነሱትም። የጠየቁኝ ቀለም ነው።


ሐሙስ፣ የካቲት 5። ከሰዓት

ደረጀ መጣ። የአስ. ታናሽ ወንድም። ካዛንቺስ ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ ሩቅ ነው ያለው፣ ግን ወደዚህ የሚያመጣው ጉዳይ አጥቶ አያውቅም። ዛሬ ጉዳዩ እኔ ነኝ።

ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠ። እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ ያወራል። ሁለቱም አምስት ሜትር ናቸው። ሁለቱም ስድስት ሰው ይይዛሉ። ነጯ ፋይበር ናት፣ ሞተሯ ስልሳ ፈረስ ጉልበት። ፊት ለፊቷ የሚተኛበት ፍራሽ አላት። ጥላ አላት። ሙዚቃ አላት። አረንጓዴዋ አሉሚኒየም ናት፣ አርባ ፈረስ ጉልበት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አበቃ።

«ወይንዬ፣ ነጯ በቃ ሙሽራ ናት። አረንጓዴዋ ሸክም አህያ ናት። ማለቴ፣ ትሠራለች፣ ግን ማን ፎቶ ይነሳባታል?»

ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት ስንት አላቸው አልኩት። ይገዛል አለ። ለሊያ ልክ የሚሆን አለ ወይ አልኩት። አይጠፋም አለ። ሙዚቃው ግን ካሁኑ ተገጥሟል።

ከዚያ ዋናውን አወጣ። በሙት ዓመቱ ዘመድ ሁሉ ሐይቁ ዳር ይሰበሰባል። ጥቁሬን ያስወልቁኛል። ነጭ ልብስ ተገዝቷል አሉ፣ አማቴ ናት የመረጠችው። ከዚያ ጀልባዋ ላይ አውጥተው አንድ ጊዜ ያዞሩኛል። ዕንባዬን ነፋስ ያደርቀዋል። እንዲህ ብሎ ተናገረው፣ ራሱም በአባባሉ ተደሰተ።

ሁሉን አዘጋጅተዋል። የምለብሰውን መርጠዋል። የማለቅስበትን ቀን አብቅተውታል። ለኔ የቀረችው ጀልባ ናት። ሕፃን እንዳያለቅስ እጁ ላይ እንደሚያስይዙት ነገር።

ሄጄ ካየሁ በኋላ አስቤ እመልሳለሁ አልኩት። ፎቶ አይቼ ጨርቅ እንኳን አልገዛም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 7። ከሰዓት 10 ሰዓት

ከአስ.ና ከደረጀ ጋር ቡልጋሪያ ሰፈር ሄድን። ከጋራዦቹ ጀርባ ኸይሩ የሚባል ሰው ግቢ አለው። የተገጨ መኪና፣ የአጥር ብረት፣ ጀነሬተር፣ እና መሀል ላይ ከፍ ባለ ተሳቢ የቆሙ ሁለት ጀልባዎች። ከውሃ ርቀው ሲታዩ ያስቃሉ። አንዷ ላይ ድመት ተኝታለች።

ሜትሬን ይዤ ነበር። የልብስ ሜትር ነው፣ መቶ ሃምሳ። እየቀጣጠልኩ ለካሁ። ርዝመታቸው በአራት ጣት ይለያያል። ወርዳቸው እኩል ነው። አስ. አፈረ። ሰው እያየ ነው አለኝ። ይየኛ።

ኸይሩ ግን መጥቶ የሜትሩን ጫፍ ያዘልኝ። «እህቴ፣ ቀሚስ ልትሰፊላት ነው እንዴ? እንግዲያው ወገቧ ላይ ጠበብ አርጊው።»

ሳቅኩ። አመለጠኝ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በራሴ ተናደድኩ።

ሰውየው ግን ሥራውን ያውቃል። ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ሁለቱም ላይ በኖራ ምልክት አድርጎ አሳየኝ። ከምልክቱ እስከ ጠርዙ ለካሁ። ነጯ ሰባ ሁለት ሳንቲ ሜትር። አረንጓዴዋ ከጎን ሃምሳ አምስት፣ ከኋላ ደግሞ ሞተሩ አጠገብ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ ብረት አላት። ደረጀ ቶሎ ብሎ ከፍ ያለው ይሻላል አለ፣ ማዕበል አያስገባም። እውነቱን ሊሆን ይችላል።

እኔ አንድ ነገር ጠየቅኩ። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው በየት በኩል ነው ወደ ላይ የሚወጣው?

እንዲሁ ነው የጠየቅኩት። ልብስ ስሰፋ መጀመሪያ የማስበው ሰውየው በየት እንደሚያጠልቀው ነው። ኸይሩ አፉን ሊከፍት ሲል አስ. ቀደመው። ሞተሩን አስነሳልን አለ። ደረጀ ስልኩን ያይ ጀመር፣ ስልኩ ግን አልበራም ነበር። ጥቁሩን መስተዋት ነው ያየው።

ሞተሩ ተነሳ። ድመቷ ሮጠች። ጥያቄዬም ከሷ ጋር ሄደ።

ምን ተናገርኩ? ሁለቱ ወንድማማቾች እስከ ቤት አንዲት ቃል ሳይወጣቸው ገቡ።


እሁድ፣ የካቲት 8። ቅበላ

ብጽፍ ይሻላል።

ነገ ጾም ስለሚገባ ሁሉም እኛ ቤት ነው የበላው። አማቴ፣ ደረጀ፣ ሚስቱ። ሥጋው ከተነሳ በኋላ ደረጀ ከፌስታል ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሰርፕራይዝ ነው አለ። ዘረጋው። ስቲከር። በሰማያዊ፣ የክንድ ርዝመት፣ «ናቲ»። ነጯ ጀልባ ጎን ላይ የሚለጠፍ። ሁለት ነው ያሠራው፣ ለግራና ለቀኝ።

አማቴ አለቀሰች። አስ. አንገቱን ደፋ። ሁሉም እኔን አዩ። ማመስገኔን ይጠብቃሉ።

ደብተሬ፣ አንተ ንገረኝ። እንዴት ነው የሚያወሩት ከዛሬ በኋላ? ናቲን ውሃ አስገቡት። ናቲ ቆሽሿል፣ እጠቡት። ናቲ አልነሳ አለ፣ ግፉት። ናቲ ላይ ቢራ ፈሰሰ። አንድ ቀን ደግሞ ደንበኛ ይመጣል፣ ናቲን ሸጥነው ይላሉ።

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ከዚያ የጨርቅ መቀሴን አነሳሁ። ሃያ ዓመት ወረቀት ያልነካ መቀስ ነው፣ ሊያ ደብተር ልትቆርጥበት ስትል እጇን የመታሁበት። ስቲከሩን አራት ቦታ ቆረጥኩት። ሁለተኛውንም። ስለቱ ሙጫ በሙጫ ሆነ።

አማቴ፣ ተይ ልጄ፣ ለመታሰቢያ ብለው እኮ ነው አለችኝ። ልጄ ማንም የሚቀመጥበት ነገር አይደለም አልኳት። ለሷ እንዲህ መልሼላት አላውቅም።

ደረጀ ፊቱ ገረጣ። ጥፋቴ ምንድነው አለ። እኔ ፈጣን ጀልባ፣ ደህና ጀልባ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስ ብዬ።

ያኔ ሊያ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሳህን እንደያዘች፤

«ፈጣን ምን ያደርጋል? ጋሽ ቱፋ ደርሰውበት ነበር እኮ። ናቲ ጀልባውን ይዞት ነበር። መውጣት አቅቶት ነው።»

ደረጀ፣ ሊያ ሳህኑን ወደ ጓዳ ውሰጂ አላት። ወሰደች። የደረጀ ሚስት ስለ ጾም ማውራት ጀመረች። ሽሮው ተፈጭቷል ወይ ትላለች።

ሄዱ። አስ. ሊሸኛቸው ብሎ ወጣ፣ እስካሁን እየሸኛቸው ነው።

ጋሽ ቱፋ የሐይቁ ቤት ጠባቂ ናቸው። ደርሰውበት ነበር።


ሰኞ፣ የካቲት 9

ጾም ገባ። አስ.ን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። መጀመሪያ፣ አሁን ምን ይጠቅምሻል አለ። ሁለተኛ፣ ሥራ ረፍዷል አለ።

ሊያ ከት/ቤት ስትመጣ ጠየቅኳት። ካልሲዋን እያየች፣ አባዬ ለእማዬ እንዳትነግሪ ብሎኛል አለች። መቼ ነው ያለሽ? ለቅሶው ቀን።

አሥር ወር። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው፣ እኔና እሷ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 10። ረፋድ

ደወልኩ። ጋሽ ቱፋ ስልክ ሲያነሱ እንደ ድሮው ነው የሚጮሁት። ድምፄን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከለቅሶው ወዲህ ደውዬላቸው አላውቅም። ጠባቂ ሆነው ልጄን ያልጠበቁ፣ እንዲያ ነበር የማስበው። እውነቱን ንገሩኝ አልኳቸው። ወንዶቹ እንዳልናገር አስምለውኛል አሉ። እኔ እናቱ ነኝ፣ መሐላውን እኔ እፈታዋለሁ አልኩ። ምን ሥልጣን እንዳለኝ አላውቅም።

ነገሩኝ። እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ፣ ቀስ ብዬ።

ኳሱ ጋ ሳይደርስ ደከመው። እጁን ሲያወጣ አዩት። አሮጌዋን የመቅዘፊያ ጀልባ ገፍተው ገቡ። ደረሱበት። በሕይወት ነበር። አፉ ውስጥ ውሃ ነበር ግን ያወራ ነበር። «ጋሽ ቱፋ፣ እግሬ እምቢ አለኝ» አላቸው። በሁለት እጁ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ። በክንዱ ጎተቱት። ጀልባዋ ልትገለበጥ ዘመመች። እንደገና ጎተቱት። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ልጄ አባቱን በቁመት በልጦት ነበር። እግሩን የሚያሳርፍበት ነገር የለም፣ ጎኗ ልሙጥ ነው።

«አጥብቀህ ያዝ ልጄ ብዬ መቅዘፍ ጀመርኩ። ዳር ልወስደው። መሀል ላይ ዞር ስል እጆቹ የሉም።»

ይኸው ነው። ልብ የለ፣ ድንገት የለ።

ሌላም ልጻፍ፣ ማንም ካልጻፈው። ወንዶቹ በልተው ጥላው ሥር ተኝተው ነበር። እኔ ጓዳ ድስት አጥብ ነበር፣ ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ። ከዳር ቆማ ያየች ሊያ ብቻ ናት። ጮኻ ጮኻ ነው አባቷ የነቃው።

አሥር ወር ሙሉ ቂርቆስ ደጅ ቆሜ፣ ሳይሰቃይ ስለወሰድከው ተመስገን አልኩ። እያወቁ አስባሉኝ። ቄሱም ያውቁ ይሆናል። ዕድርተኛው ሁሉ ያውቅ ይሆናል። ለሐዘንተኛ ክፉው አይነገርም፣ ወጉ ነው። እኔም ራሴ ስንቱን ሰው እንዲህ ሸንግያለሁ። የጎረቤቴን ባል ሆስፒታል ደህና ነው እያልን ሁለት ቀን አላቆየናትም? እኔ አልነበርኩም ሻይ ያፈላሁላት?

ወጉ ይቃጠል።


ረቡዕ፣ የካቲት 11

አስ. ለምሳ መጣ። ምሳ የለም አልኩት። ተቀመጥ አልኩት።

እሱም አወራ። ሲነቃ ሮጦ ገባ። ዋና አይችልም። ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ አልፎ መሄድ አልቻለም። ቆሞ አየ። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፣ ለወንድሙም።

ልቤ ሊራራ ሲል ነጯ ጀልባ ትዝ አለችኝ። ለምን ነጯን ትፈልጋለህ አልኩት። ፈጣን ስለሆነች አለ። ጋሽ ቱፋ እኮ ደርሰውበት ነበር፣ ፍጥነት ምን ይሠራል? እኔ መለስኩለት። ፍጥነት ከሆነ የጎደለው፣ ጥፋቱ የሞተር ነው። ማንም አልተኛም። ማንም ጀርባውን አልሰጠም። ሞተር ይገዛል፣ ነገሩ ይዘጋል። አረንጓዴዋን ዞረህ ያላየሃት ለዚህ ነው። እኔ ግቢ ውስጥ ስጠይቅ ያፈንከኝ ለዚህ ነው። ልጅህን አንድ ጊዜ መውጫ በሌለው ጀልባ አጣህ፣ ለሁለተኛዋም መውጫ የሌለው ልትገዛላት ነው። ይኼኛው ሙዚቃ አለው።

ተነስቶ ዳቦ ይዞ ቆሞ ነበር። ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ፣ አላሰብኩትም አለ። በእንዲህ ያለ መንገድ አላሰብኩትም።

አምነዋለሁ። ይኼ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ከሰዓት 9 ሰዓት ተኩል

ብቻዬን ሄድኩ። በእግሬ፣ ከቂርቆስ ቡልጋሪያ ሩቅ አይደለም። ፀሐዩ ጥቁር ልብስ ላይ ይከብዳል።

ኸይሩ ወንበር ሊያመጣልኝ ሲል ወንበሩን ጀልባዋ አጠገብ አድርገው አልኩት። ምን እንደምፈልግ ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ስቆም የኖራው ምልክት አንገቴ ጋ እንዲመጣ። ከዚያ እግሬን ከወንበሩ አነሳለሁ፣ በእጄ ብቻ ልውጣ። ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው። የወንበሩን ከፍታ ለማስተካከል ጎማ ደረደረ። ምክንያቱን አልጠየቀም። ጋራዥ ያሉት ልጆች ሥራ አቁመው መጡ።

መጀመሪያ ነጯ። ጠርዙን ያዝኩ፣ እግሬን አነሳሁ። ተንጠለጠልኩ። ጎኗ እንደ ሳህን ነው። ጉልበቴ ተንሸራተተ። አንደኛው ልጅ፣ «ማዘር፣ ጂም ጀምሪ» አለ፣ ሳቁ። እንደገና ሞከርኩ። ደረቴ እንኳን ከፍ አላለም። ሦስተኛ ጊዜ ስይዝ ቆየሁ። ምን ያህል ልይዝ እንደምችል ላውቅ ፈለግኩ። ጣቶቼ በየተራ ለቀቁ፣ መጀመሪያ ትንሿ። ስወርድ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ፊቴን አይተው ነው።

ኸይሩ ውሃ ሰጠኝ። ቀስ ብሎ፣ ውሃው ውስጥ ሰው አለሽ አለኝ። ነበረኝ አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ በኋላ እንደ ሻጭ አላወራኝም።

አረንጓዴዋ። ከኋላ ከጠፍጣፋው ብረት ሥር ተጣጣፊ መሰላል አለ፣ እስከዛሬ ታጥፎ ስለነበር አላየሁትም። ዘረጋው። ሦስት እርከን፣ ሁለቱ ከውሃው በታች የሚሆኑ። ወንበሩ ወደዚያ ተወሰደ። ያዝኩ፣ እግሬን አነሳሁ፣ እግሬ ብረት አገኘ። ወጣሁ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ከእነ ቀሚሴ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ከላይ ሆኜ የቡልጋሪያን ጣሪያ አየሁ።

ኸይሩ ሁሉንም ሳይደብቅ ነገረኝ። የነጯ ሞተር ይበልጣል። አረንጓዴዋ በነፋስ ቀን ትናወጣለች፣ ልብስ ታረጥባለች። መሰላሉም ብቻውን አያድንም። ሰው በኋላ በኩል ሊወጣ ሲል መጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ፣ አለበለዚያ እግር ይቆርጣል። ይህን ልጆቹ ከመንዳት በፊት ይማሩት። ነጯ ላይስ መሰላል አይገጠምም ወይ አልኩት፣ ደረጀ የሚለውን አውቃለሁ። ይበሳል፣ ይገጠማል፣ ግን ፋይበሩ ሰው ተንጠልጥሎበት እንደማይሰነጠቅ አልምልልሽም አለ።

ከጀልባዋ ስወርድ ቀሚሴ ጠርዙ ላይ ተቀደደ። ልጆቹ እጅ ሰጥተው አወረዱኝ። ማዘር ያለኝ ልጅ፣ ይቅርታ አለ።


እሁድ፣ የካቲት 15። ቂርቆስ

ወርኃዊ በዓሉ ነው። ቅዳሴ ቆምኩ። ሥዕሉ ፊት ሁልጊዜ የማለቅሰው ዛሬ አላለቀስኩም። የሚፈላው ጋን ውስጥ እናትና ልጅ አብረው ናቸው። ኢየሉጣ ስትፈራ ሕፃኑ ነው ያበረታት። እሷ እዚያው ነበረች። እኔ ድስት አጥብ ነበር። ይህን ለሥዕሉ ነገርኩት። ተመስገን ያልኩትንም መልስልኝ አልኩ። ኃጢአት ከሆነ ይሁን።

ከሰዓት ሁሉንም ጠራኋቸው። ቆሜ ነው የተናገርኩት፣ ወረቀት ማንበብ ስለፈራሁ በቃሌ ይዤው።

አረንጓዴዋ ትገዛለች። ስም አይጻፍባትም። ስድስት ላይፍ ጃኬት፣ አንዱ በሊያ ልክ፣ እኔ ራሴ ደረቷን ለክቼ። አስ.ና ሊያ ዋና ይማራሉ። እኔም። ልጅ ውሃ ውስጥ ባለ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ጀልባዋ ላይ ይቀመጣል። አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይተኛም፣ በየተራ። ጋሽ ቱፋን የሚወቅስ ሰው ቤቴ አይገባም። እኔም ወቅሻቸዋለሁ፣ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደረጀ፣ አህያዋን ማለት ነው አለ፣ ሊያስቀን። ማንም አልሳቀለትም። ከዚያ መሰላል ነጯ ላይ ማስገጠም ይቻላል አለ። ሄደህ ጎኗን ይዘህ ተንጠልጠል፣ ከዚያ እንነጋገር አልኩት። ቆይቶ፣ ወይንዬ፣ እኔም ተኝቼ ነበር አለ። መሬት መሬት እያየ። አውቃለሁ አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም፣ የሚያጽናናው ቃል ቢኖረኝም አልሰጠውም ነበር።

አማቴ ስለ ነጩ ልብስ ጠየቀች። ለሙት ዓመቱ ጥቁሬን አወልቃለሁ ወይ። አላወልቅም አልኳት። መቼ? አላውቅም። ሲበቃኝ ራሴ ቁልፉን እፈታለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ።

አስ. ጠዋት ወደ ኸይሩ ሊደውል ነው። ስሙን ዛሬም በሙሉ አልጽፈውም።


ሰኞ፣ የካቲት 16። ከሰዓት 9 ሰዓት

ኪዳነ ምሕረት ናት። መርፌ አልያዝኩም። ስፌት መኪናው እንደተሸፈነ ነው።

ኸይሩ ደውሎ ነበር፣ ለኔ። ነገሩ አልቋል፣ አረንጓዴዋ በሳምንቱ መጨረሻ በተሳቢ ትሄዳለች። መሰላሉን ዘይት ቀብቶታል። ነጯን ምን እንዳደረጋት አልጠየቅኩም።

ንዴቱ አልወጣልኝም። የጀልባው ነገር ሲያልቅ ይቀላል ብዬ ነበር። ጠዋት ከሊያ ጋር የምንተኛበትን አልጋ ሳነጥፍ ገባኝ። ለጀልባ ስድስት ደንብ አወጣሁ። ስለ ሊያ ግን አባቷን ተቆጣሁ፣ ደረጀን ተቆጣሁ፣ እሷን ራሷን አንድ ጊዜ እንኳን ምን አየሽ አላልኳትም። ባለፈው ሰኞ የጠየቅኳት ስለ እነሱ ነው፣ ማን እንዳትናገሪ አለሽ ብዬ። ዳር ቆማ ያየችው እሷ ናት። የጮኸችው እሷ ናት። ውሃ አልፈራም፣ ጀልባ እወዳለሁ የምትለው ለማን ብላ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ስለዚህ ወሰንኩ። ዛሬ ስትመጣ በሩን እዘጋለሁ። ሰው ቢያንኳኳ አልከፍትም። ከመጀመሪያው ትነግረኛለች፣ ኳሱ ከሄደበት ጀምሮ። እሰማለሁ። አይዞሽ አልላትም፣ አታልቅሺ አልላትም፣ ሳይሰቃይ ነው አልላትም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሐይቁ ጋ መሄድ አልፈልግም ካለች፣ ጀልባዋ እዚያው ትቁም። ቅጠል ይሙላባት። ማንም አያስገድዳትም፣ እኔ ቆሜ።

አጥሩ ጋ ድምፅ አለ። መጣች። ጫማዋን እያወለቀች ነው፣ ማሰሪያውን ሳትፈታ። ደብተሬ፣ ልዘጋህ ነው፣ ከዚያ በሩን።